የጋሽ ይመር አውራ ጣት

ጋሽ ይመር ማረፉን የሰማሁት የዓሣ ቅርፊት እየፋቅሁ ነው። የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ደጄ ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «እትዬ በላይነሽ፣ ጋሽ ይመር ዐረፉ» አለኝ።

«እርግጠኛ ነህ?» አልኩት።

ሰውዬው ደነገጠ። ሰው ሞተ ሲባል እሪ ይባላል፣ ደረት ይመታል፣ ቢጠፋ ቢጠፋ «ነፍስ ይማር» ይባላል እንጂ እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? እኔ ግን ከልቤ ነው የጠየቅሁት። ያ ሰው በዕድሜው አንድም ነገር የእውነቱን አድርጎ ስለማያውቅ፣ ሞቱንም ለሆነ ጉዳይ ፈልጎት እንዳይሆን ብዬ ነው።

በቁሙ ሳለ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ። ዕድሜ ነው፣ ጉርብትና ነው፣ ወግ ነው። ከእንግዲህ ግን እሱ ልበለው፤ አፌም ይረፍ።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ጋሽ ይመርን የማያመሰግን ሰው ብትፈልጉ ከእኔ ሌላ እምብዛም አታገኙም ነበር። እኔ ደግሞ አጥር ተጋርቼው የኖርኩ ነኝ፤ እንደ ጎረቤት ያለ ምስክር የለም። ቀይ፣ ረጅም፣ ጢሙ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ለፎቶ የሚሆን ሽማግሌ ነበር፤ መልኩን አልነሳውም። ሕፃን ሲያገኝ እንኳ ባርኔጣውን ያነሣል። ከመናገሩ በፊት ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ያሳርፍና ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል። ከዚያ፣ «እኔ ምን አለኝ? የሚሰጥ እሱ፣ የሚያሳድግ እሱ» ይላል። አቤት አነጋገር! ድምፁ ራሱ ቅቤ የተቀባ ነበር። ልቅሶ ቤት ከገባ ከሟች ዘመድ ቀድሞ ያለቅሳል፤ ሠርግ ቤት ከገባ መራቂው እሱ ነው፤ የተጣላ ካለም አስታራቂው እሱ ነው። እንባው ከመሐረቡ ጋር አብሮ ከኪሱ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። «ሰው መሳይ በሸንጎ» የሚባለው ለማን እንደሆነ የገባኝ እሱን አይቼ ነው።

«የድሃ አደግ አባት» ይሉታል። ይኼን ስም ያገኘው በይታይሽ ነው።

ይታይሽን ከአምባሰል ገጠር ያመጣት እናቷ የሞተች ሰሞን ነበር። አባቷ ቀድሞ ሞቷል። ውጫሌ አንዲት አክስት ነበረቻት፣ እሷም የራሷን ልጆች ማጉረስ ያቃታት ምስኪን ናት። ጋሽ ይመር ሚስቱ ሞታ፣ ልጆቹ አዲስ አበባ ገብተው ብቻውን የቀረበት ጊዜ ነው። ሄደና በዘመዶቿ ፊት፣ «አስተምራታለሁ። እንደ ልጄ አላሳድጋትም፣ ልጄ ናት» አለ፤ አውራ ጣቱንም ማር ነክሮ አጠባት።

ይኼ የአገራችን ወግ ነው። የጡት ልጅ ይባላል። ሽማግሌ ባለበት፣ አባት የሚሆነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባል። ከዚያ ወዲያ ያጠባው አባት፣ የጠባው ልጅ ነው። ክፉ አይተሳሰቡም፤ የአንድ ሰው ጡት የጠቡ እህትና ወንድም ስለሚሆኑ አይጋቡም። ድሮ ደም የተቃባ እንኳ በዚህ ይታረቅ ነበር አሉ። ክቡር ነገር ነው። ጋሽ ይመር እጅ ሲገባ ነው የረከሰው።

ትምህርት ቤት አስገባት፤ የደንብ ልብሷ ሳያድፍ አስወጣት። «ራሷን ያማታል» አለ። ለመምህሯም፣ ለቄሱም፣ ለእኛ ለጎረቤቶቹም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የሚነግረን አንድ ነበር፦ «ምስኪን! ከእናቷ ሞት ወዲህ ልቧ ትንሽ ተነክቷል። አደራችሁን ብዙ አታናግሯት፤ ይብስባታል።» እኛም እሺ ብለን አላናገርናትም።

ለእሷ የሚነግራት ደግሞ ሌላ ነበር። ኋላ ራሷ ነው የነገረችኝ። «ልጄ፣ ዕጣ ክፍልሽ ከባድ ነው» ይላታል። «አባትሽን በላሽ፣ እናትሽን በላሽ። እኔ ሽማግሌ ሆኜ ነው ያልፈራሁሽ። ሌላ ቤት ብትገቢ የዚያን ቤት ሰው አትፈጂም?» ይላታል፣ ያውም ራሷን እያሻሸ።

አያችሁ ተንኮሉን? ለእኛ እሷን እብድ አደረጋት፤ ለእሷ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ። በመሃል እሱ ውኃ የምትቀዳለት፣ በሬ የምታደልብለት፣ ሐይቁ ዳር ያለውን ሽንኩርት የምታርምለት፣ ማታ እግሩን የምታጥብለት አገኘ። ዱላ አንሥቶባት አያውቅም። ይኼን እንደ ጽድቅ ሲያወሩለት እሰማ ነበር። ወይ ነዶ! ዱላ ለምኑ ያስፈልገዋል?

አንድ ጊዜ ወባ ይዟት፣ እየተንቀጠቀጠች ትልቁን ጀሪካን አዝላ ስታልፍ አየኋትና አላስችል አለኝ። በአጥሩ ላይ ብቅ ብዬ፣ «ጋሽ ይመር፣ ያመጡት ልጅ ነው ወይስ አህያ?» አልኩት። ባርኔጣውን አነሣልኝና ገባ። ያኔ መፍራት ነበረብኝ።

ቀኑን ጠብቆ፣ ገበያ ውሎ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት፣ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ደጄ መጣ። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚጠይቅ በዳይ ነው። እሱ ደግሞ የተሰደበ ነው። ያ ጢሙ እንደ ጥጥ የነጣ ሽማግሌ ደጃፌ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «በላይነሽ ልጄ፣ ምን እንዳስቀየምኩሽ አላውቅም። ብቻ ይቅር በይኝ» ብሎ አለቀሰ። ጉድ ፈላ! መንገደኛው ቆመ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን እየመጠጡ እኔን በዓይናቸው በሉኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ እግዜርን አትፈሪም? አንሺላቸው እንጂ!» ጮኹብኝ። ድንጋዩን አነሣሁለት፤ ምን ላድርግ? ጉልበቱንም ስሜ አሳረፍኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ይታይሽ አንድ ቃል ብተነፍስ «እሷ ዱሮም ጠላታቸው ናት» ተባለ።

የተረዳኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጎረቤታችን ሸህ እንድሪስ። ሰዉ ሲበተን መፋቂያቸውን ካፋቸው አውጥተው፣ «በላይነሽ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ወላሂ ድንጋዩን አይቼዋለሁ። ቀላሉን መርጦ ነው የመጣው።»

ይታይሽ አደገች። ጎበዝ ቆንጆ ሆነች፤ ሥራም መልክን አያጠፋም ለካ። ሽንኩርት ስታርም ከሐይቁ ዳር መረብ የሚዘረጋ አራጋው የሚባል ዓሣ አጥማጅ አየችና ልቧ ሄደ። የእሱማ ቀድሞ ሄዷል። አራጋው ለእኔ ዓሣ የሚያቀርብልኝ ደንበኛዬ ነው፤ ዓሣ ጠብሼ ነው የምተዳደረው። እናት አባት የሌለው፣ በልጅነቱ ሐይቅ እስጢፋኖስ የቄስ ትምህርት ጀምሮ፣ ዜማው አልሆንልህ ሲለው ወደ መረቡ የወረደ ልጅ ነው። ክፋት የሚባል ያልፈጠረበት። ትምህርቱን ቢተውም ፍርሃቱን አልተወም፤ ቃልንና ግዝትን እንደ እሳት ይፈራል። ሰው «በእግዜር» ካለው መረቡንም ይሰጣል።

ይታይሽ አንድ ቀን ሽንኩርት ይዛልኝ መጥታ፣ በሩ ሥር ቆማ፣ «እትዬ፣ እኔን ያገባ ሰው ይሞታል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት፣ «ሲያረጅ።»

ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው የመጀመሪያው። ማረፊያ ያጣ ሳቅ ነበር፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ክፍልሽ ከባድ ነው የተባለችውን ሁሉ አጫወተችኝ።

አራጋው በወጉ ሽማግሌ ላከ። ሸህ እንድሪስና የደብሩ አንድ ቄስ ሄደው ልጅዎን ለልጃችን አሉ። ጋሽ ይመር መሬት ስሞ ተቀበላቸው። «ደስታዬ ነው! ዘመድ ላማክር፣ ሄዳችሁ ተመለሱ» አላቸው። ወጉ ነው፤ በአንድ ቃል ልጅ አይሰጥም። ይታይሽ ያን ሰሞን ውኃ ስትቀዳ እያንጎራጎረች ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሳይመለሱ ጋሽ ይመር «ዝክር አለብኝ» ብሎ ሰፈሩን ጠራ። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ሸህ እንድሪስ ጁምዓ ናቸው። እኛ ሴቶቹ ጓዳ ወጥ እናወጣለን። አራጋው ነጭ ልብስ ለብሶ መጥቷል፤ እሺ የሚባልበት ቀን መስሎታል። ጋሽ ይመር ተነሣ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ይኼ ልጅ አባት የለውም» አለ። «እኔም ከጎኔ የቆመ ወንድ ልጅ የለኝም። አማች ባዳ ነው። እኔ አራጋውን ባዳ አላደርገውም። ዛሬ በእናንተ ፊት ጡቴን አጥብቼ ልጄ ላደርገው ነው!»

እልል ተባለ። ቄሱ አለቀሱ። ማሩ በጣሳ ቀረበ። አራጋው፣ ያ የማንም ልጅ ሆኖ የማያውቅ ጎልማሳ፣ ተንበርክኮ እንባው እየወረደ ያን ረጅም አውራ ጣት ጠባ። አማችነትን ከልጅነት ጋር የደረበ መስሎታል። ማንም ቆም ብሎ አላሰበም። ጡቴን ጥባ የተባለ ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ደስታ ላይ ደግሞ ሒሳብ የሚያወጣ የለም። እኔም ጓዳ ሆኜ ጭልፋ እንደያዝኩ ነው እልልታውን የሰማሁት።

ከዚያ ጋሽ ይመር ወደ ጓዳ ዞሮ በዚያ ቅቤ ድምፁ ተጣራ፦ «ይታይሽ፣ ልጄ፣ ነይ። ነይ ወንድምሽን ሳሚ።»

ያኔ ገባን። ጭልፋዬን እንደያዝኩ ወደ በሩ ወጣሁ። ይታይሽ እጇ ሊጥ እንደነካ ወጥታ ቆመች። አራጋው ገና ተንበርክኮ ነው፤ ማሩ ከንፈሩ ላይ አለ። አንዴ እሷን፣ አንዴ ሽማግሌውን ያያል። እሷ ጎንበስ ብላ ጉንጩን ሳመችውና ወደ ጓዳ ተመለሰች። አላለቀሰችም። ሊጧን ማቡካት ቀጠለች።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሲጠይቁት ጋሽ ይመር ደረቱን ያዘ፤ የደነገጠ መሰለ። «ምነው! እህትና ወንድም ላጋባ? አገሩ አይረግመኝም?» ሸህ እንድሪስ ተናደው ወጡ። ቄሱ፣ «ምን ይደረግ፣ ቃል ኪዳን ነው፤ አንዴ ሆኗል» አሉ። አራጋውን ያሰረው ይኼ ቃል ነው።

ደግሞ ትርፉን ተመልከቱለት! በአንድ ጣት ማር ሁለት አገልጋይ አገኘ። አራጋው ልጅ ነኝ ብሎ መሬቱን ያርስለታል፣ ከያዘው ዓሣ ምርጡን ቆሮሶ ያመጣለታል፣ አጥሩን ያጥርለታል። ይታይሽ ያመጣውን ትጠብሳለች። በአንድ ግቢ ውለው እንደ ባዳ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። «እህቴ፣ ውኃ» ይላታል፤ ትሰጠዋለች። እሱ ሌላ አላገባም፣ እሷንም ሌላ አልጠየቃትም፤ «ልቧ የተነካ» ማን ይጠይቃል? ጋሽ ይመር ደጁ ላይ ተቀምጦ ለሚያልፈው ሁሉ፣ «እግዜር በእርጅናዬ ሁለት ልጅ ሰጠኝ» ይላል። አልፎ አልፎ እኔም ሰላም ስለው ይመርቀኛል። ምርቃቱን እግሬ ሥር ነበር የምጥለው።

ሲታመም፣ አልጋ ሲይዝ፣ ሸህ እንድሪስ ቄሱን አሳምነው፣ እኔም ተከትያቸው ገባን። ልንለምነው ነው። አራጋው «አባቴ ራሱ ቃሉን ካልፈታልኝ አልችልም» ብሏልና፣ አንዲት «ፈትቻለሁ» የምትል ቃል ነበረች የምትፈለገው። ይታይሽ ራስጌው ቆማለች። ልመናችንን ሰምቶ ዓይኑን ጨፈነ፤ እንባው በጎን ወረደ።

«ልጅነት እንደ አህያ ጭነት ይፈታል?» አለ። «ልሞት ስል ልጆቼን ልትነሡኝ መጣችሁ?»

ቄሱ አብረው አለቀሱ። ሸህ እንድሪስ አላለቀሱም። «አያ ይመር» አሉት፣ «በእኛ ዘንድ ጡት የሚባለው ሕፃን ከእናቱ ሲጠባ ነው። ጢም ያወጣ ሰው ጣት ላይ ያለ ማር ቢልስ፣ ማር ላሰ ነው የሚባለው። አላህን ፍራና ልጆቹን ልቀቅ።»

«ሸህ፣ ሃይማኖትዎን አከብራለሁ» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። በቃ። ሊሞት ተኝቶም አሸነፈን። በር ስንደርስ ከኋላችን ድምፁን ሰማሁት፦ «ልጄ ይታይሽ፣ እግሬን በረደኝ።» ውኃ ልታሞቅ ስትሮጥ አየሁና ያን ቀን የሰደብኩትን እዚህ አልደግመውም።

እንግዲህ ሞተ የተባለው ይኼ ሰው ነው። «እርግጠኛ ነህ?» ብል ይፈረድብኛል?

ልቅሶው ደመቀ። ድንኳን ሞላ፣ መንገዱ በባጃጅ ታጠረ፣ ከአዲስ አበባ ልጆቹ ጥቁር መነጽር አድርገው መጡ። አራጋው እንደ ልጅ ራሱን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ፣ ውኃ ያድላል። ተናጋሪው ሁሉ እየተነሣ «የድሃ አደግ አባት» ይላል። አንደኛዋ ሴት ልጁ ይታይሽን ወደ መሃል ገፋ አድርጋ፣ «እስኪ አንቺ አልቅሺላቸው፤ ከሁላችንም የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ» አለቻት።

ይታይሽ ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«አላለቅስም» አለች። «አስታምሜያለሁ፣ አጥቤያለሁ፣ ገንዣለሁ። አባት ግን ልጁን ይድራል። እሳቸው እንዳልዳር ወንድም አበጁልኝ። አባቴ አልነበሩም።»

ከኋላ አንዷ ቀስ ብላ፣ «ልቧ ተነክቷል አላሉም ነበር?» ስትል ሰማሁ። ሰውዬው አፈር ገብቶ እንኳ ውሸቱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮ ይበላል! ሸህ እንድሪስ በምርኩዛቸው ተነሡ። «ልቧስ ደህና ነው» አሉ። «ሰምታችሁ ዝም ያላችሁት ናችሁ የታመማችሁ። እኔም ጭምር።» ተቀመጡ።

ይታይሽ ከድንኳኑ ወጣች። አራጋው የውኃ ጆጉን እንደያዘ ደጅ ድረስ ተከተላት። «እህቴ፣ ተይ፣ ሙት አይወቀስም» አላት።

«እህትህ አይደለሁም» አለችው። ጥላው ሄደች።

እኔ ዘንድ ነው የመጣችው። አሁን አብረን እንሠራለን፤ ከእኔ የተሻለ ዓሣ ትጠብሳለች፣ ሲደክማት ትተኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ቁጭ ብላ መብላት አታውቅም ነበር። ሥራ እንደሌላት ስነግራት እንደ ሌባ ግራ ቀኝ ትገላመጣለች። የጋሽ ይመር ልጆች ቤቱን ቆልፈው ሄዱ፤ «ልጅ» የተባሉትን ሁለቱን ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። እሱም አላሰበላቸው፤ ለምን ብሎ?

አራጋው ዓሣውን ጠዋት ጠዋት ያመጣል። ደጅ ቆሞ፣ ደፉን ሳይረግጥ፣ «እንዴት አደርሽ እህቴ» ይላታል።

«እህትህ አይደለሁም። ዓሣውን አስቀምጥ» ትለዋለች። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። እሱ አስቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። በነጋታውም ያው ነው። አንድ ጊዜ ተናድጄ፣ «አንተ፣ ሰውዬው እኮ ሞቷል!» ብዬ ጮኽኩበት። «ቃሉ አልሞተም እትዬ» አለኝ፣ ሊያለቅስ ደርሶ። እኔስ የጋሽ ይመርን መቃብር ሄጄ በጫማዬ ብደልቀው ደስ ባለኝ። ይታይሽ ግን አልተናደደችም፣ አልለመነችውም፣ ቂም አልያዘችም። «እህቴ» ባላት ቁጥር ያንኑ መልስ ትመልሳለች።

ከዚያ ዓሣ መምጣቱ ተቋረጠ። ወደ ገዳሙ ሄዷል አሉ፣ በልጅነቱ ያስተማሩት የኔታ ዘንድ። ይታይሽ ባለ መረብ ባለፈ ቁጥር ቀና ትል ነበር። እዚያ ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንደመለሱለት እኔ አላውቅም፤ አልጠየቅሁትምም።

ትናንት እሷ ዘይት እያሞቀች፣ እኔ ቅርፊት እየፋቅሁ ሳለን መጣ። ጥቁሩን አውልቋል፤ ፀጉሩም በቀል በቀል ብሏል። ዓሣ አልያዘም። ደፉ ላይ ቆሞ አፉን ከፈተና ያን የለመደውን ቃል ሊጀምር ሲል ዋጠው። ቢላዬን አስቀመጥኩ። ከዚያች ከማሩ ቀን ወዲህ በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

«ይታይሽ» አለ።

ዘይቱን ከእሳቱ አወረደችና፣ እጇን ጠራርጋ፣ ዞረች።

«አቤት አራጋው።»